የካፉሪ ማስታወሻ፦ እንጀራ የምታመላልሰው ብስክሌት

ሰኞ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 2014 ዓ.ም.

የጎንደሩ ልጅ ብስክሌቱን እየገፋ መጣ። ባለቤቱ እዚህ ካርቱም፣ ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር፣ እንጀራ ትጋግራለች፤ እሱ በኤሌክትሪክ ብስክሌት ጭኖ ካፉሪን አቋርጦ፣ ድልድይ ተሻግሮ፣ ዴም ላሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች ያደርሳል። «ጋሼ፣ መንገድ ላይ እያለሁ ድንገት ጎማው ያዘኝ፤ በፔዳልም አልሄድ አለችኝ» አለ። ግድግዳው ጥላ ሥር ገለበጥናትና የኋላ ጎማዋን በእጄ አዞርኩት። ይይዛል፣ ይለቃል፣ ደግሞ ይይዛል።

ከኮንትሮለሩ ወደ ሞተሩ የሚሄዱትን ሦስት ወፍራም ሽቦዎች፣ ቢጫውን፣ አረንጓዴውንና ሰማያዊውን ነቀልኳቸው። ጎማው ያው ነው። ሽቦዎቹ ሲነቀሉ ጎማው ቢፈታ ኖሮ ጥፋቱ ኮንትሮለሩ ውስጥ ነበር። ካልተፈታ ግን ሞተሩ ውስጥ ወይም ወደ ሞተሩ የሚገባው ገመድ ላይ ነው። ሞተሩ ሲዞር ራሱ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ሁለት ሽቦዎች ከተነካኩ ያ ኤሌክትሪክ ተመልሶ ጎማውን ይይዘዋል። ለዚህ ፍተሻ ብር አይወጣም፤ እጅ ብቻ ይበቃል።

ገመዱ ወደ አክሱሉ የሚገባበት ቦታ ላይ የውጭውን ሽፋን በምላጭ ሰነጠቅኩት። የቢጫውና የአረንጓዴው ፕላስቲክ ቀልጦ አንድ ላይ ተጣብቋል፤ መዳቡ ጠቁሯል። ልጁ ጥገናው ቶሎ እንዲያልቅለት ቸኩሏል፤ አልፈርድበትም፤ ቤቱ የሚተዳደረው በብስክሌቷ ነው። እኔ ግን ገመድ እንዲሁ ስለማይቀልጥ ምክንያቱን ሳላገኝ አልመልሳትም።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 5

ባሕሪ፣ ሰዓድ ግሽራ ገበያ ወርደን ሙቀት የሚችል የሲሊኮን ሽፋን ያለው ገመድ ገዛን። ውፍረቱ ከድሮው ይበልጣል፤ ግን በአክሱሉ ቀዳዳ ማለፍ ስላለበት ልኩን ይዘን ነው የሄድነው። የሞተሩን ክዳን ከፍተን በካውያ በየድነው፣ እያንዳንዱን መጋጠሚያ ለየብቻ ሸፈንነው።

ክዳኑን መልሰን ገጥመን ቀጫጭኖቹን ሽቦዎች ለካን። እነዚህ ማግኔቱ የት እንደደረሰ ለኮንትሮለሩ የሚነግሩት ሴንሰሮች ሽቦዎች ናቸው። በቀዩና በጥቁሩ መካከል 5 ቮልት አካባቢ አለ። ጎማው በዝግታ ሲዞር ከሦስቱ ሽቦዎች እያንዳንዱ ወደ 0 ወርዶ ወደ 5 መውጣት አለበት። ቴስተሩን ለልጁ ሰጠሁት። ቁጥሩ ሲወርድና ሲወጣ አይቶ «ሦስቱም ደህና ናቸው» ያለው እሱ ነው።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 7

ምክንያቱ ተገኘ። ኮንትሮለሩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት 15 አምፔር ይላል። ፍሬን ይዘን ጋዝ ስንሰጣት ግን ገመዱን የሚያቅፈው ቴስተር 25 አሳየ። ሳጥኑን ፈታሁት። ውስጡ ሻንት የሚሉት አጭር የታጠፈ ሽቦ አለ፤ ኮንትሮለሩ ምን ያህል አምፔር እንደሚያልፍ የሚያውቀው በእሱ ነው። ከልጁ በፊት ብስክሌቷን የያዘ ሰው እዚህ ሽቦ ላይ የብየዳ እርሳስ አፍስሶበታል። ነጋዴ ሲገዛ ሚዛኑን አዛብቶ አንዱን ኪሎ ግማሽ እንደሚያስመስለው፣ ኮንትሮለሩም ትንሽ አምፔር ያለፈ እየመሰለው ብዙ ያሳልፋል።

ብስክሌቷ ስትነሳ ትፈተለካለች፤ ደስ ይላል። ገመድ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት ግን ከአምፔሩ ጋር እኩል አያድግም፤ በካሬው ነው የሚያድገው። ከ15 ወደ 25 ሲሄድ ሙቀቱ ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። በዚህ ላይ የካርቱም ሚያዝያ አለ፤ አየሩ ራሱ ከ40 ዲግሪ በላይ ነው። የቀዝቃዛ አገር ብስክሌት የሚችለውን ትርፍ ይህች አትችለውም።

እርሳሱን በካውያ እያሞቅሁ በመዳብ ፈትል መጠጥኩት። እንደገና ስንለካ 15 ሆነ። ልጁ ፍጥነቷ የሚቀንስ መስሎት ከፍቶት ነበር። የመጨረሻ ፍጥነቷን የሚወስነው ቮልቱ ነው፤ አምፔሩ አነሳሷንና ዳገት አወጣጧን ነው። ለጥ ባለ መንገድ ምንም አልቀነሰችም። ድልድዩ አፋፍ ላይ በፔዳል ያግዛታል፤ በቃ።

እኛ በዐቢይ ጾም፣ ጎረቤቶቻችን በረመዳን፣ ሁላችንም ጾመኛ ነን። የግቢው ጠባቂ ሐጅ የሥራችንን ማለቅ ጠብቀው ሲያበቁ ልጁን መረቁት።

እሑድ፣ ሚያዝያ 16፣ ፋሲካ

ከቅዳሴ መልስ ዶሮው ከተበላ በኋላ ወጣቶቹ ብስክሌቷን ከበቧት። አንዱ ባለ 48 ቮልት ብስክሌት አለው፤ ባትሪውን ወደ 60 ማሳደግ ይፈልጋል። እኔ ማየት የፈለግሁት የኮንትሮለሩን ኮንደንሰር ነው። የብዙዎቹ ባለ 48 ቮልት ኮንትሮለሮች ኮንደንሰር ላይ 63 ቮልት ተጽፏል። የሱም ያው ነው። ለ60ው 16 የሊቲየም ሴል በተከታታይ ሲገጠም ባትሪው ሲሞላ 67.2 ቮልት ይደርሳል። ያ ኮንደንሰር ሊፈነዳ ይችላል፤ አብረውት ያሉትን ትራንዚስተሮችም ይዞ ሊሄድ ይችላል።

ኮንትሮለሩ ቢቀየር እንኳ ሌላ ሒሳብ አለ። ፍጥነት በሩብ ሲጨምር ነፋስን ለመግፋት የሚፈለገው ጉልበት እጥፍ ይጠጋል፤ ፍሬኑ ማቆም ያለበት ጉልበትም ከግማሽ በላይ ይጨምራል። የዚያ ብስክሌት ፍሬን ለፔዳል የተሠራ ነው። መጀመሪያ ፍሬን፣ ቀጥሎ ቸርኬና ራጅ፣ ከዚያ በኋላ ስለ ቮልት እንነጋገር አልኩት።

መቀየርን አልቃወምም። ሶይቺሮ ሆንዳ በ1946 እ.ኤ.አ. ጃፓን በጦርነት ደቅቃ ሳለች የጀመረው፣ ጦሩ ለሬዲዮ ጀነሬተር ይጠቀምባቸው የነበሩ ትርፍ ሞተሮችን ገዝቶ ብስክሌት ላይ በመግጠም ነው። ያ ሥራ የተነሣው ከችግር ነበር፤ የእኛም እንደዚያው ነው። እዚህ ቤንዚን በተወደደና መብራት በጠፋ ቁጥር ሰው ያለውን ይዞ መንገድ ይፈልጋል። ለዚህ ነው ሥራው በልክ እንዲሠራ የምጨቀጭቃቸው።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 25

ዒድ ነው፤ ካፉሪ ጸጥ ብላለች። ልጁ ሥራ ስለሌለው ባትሪውን ያዝን። ባትሪው ያለው ከኋላ ወንበሩ ላይ በጥቁር ብረት ሳጥን ውስጥ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ይቆማል። እጄን አስጠግቼ ማቆየት አልቻልኩም። የሊቲየም ሴል አምራቾች ከ45 ዲግሪ በላይ ሞቆ ቻርጅ እንዳይደረግ ያዝዛሉ። ልጁ ከዴም እንደተመለሰ ቻርጀር ሲሰካ የነበረው እንዲህ በጋለ ባትሪ ላይ ነው።

ሳጥኑን ከወንበሩ አውርደን በብስክሌቷ አካል መካከል አሰርነው። ሥሩ ስፖንጅ፣ በላዩ ነጭ ሸራ፣ አፉ ላይ ፊውዝ። ክብደቱ ወደ መሐል መምጣቱ አነዳዱንም አረጋግቶታል፤ ወንበሩም ለእንጀራው ሙሉ በሙሉ ተለቀቀ። ሕጉም ይኼ ነው፦ ትኩስ ባትሪ አይሰካም፣ መብራት መጣ ተብሎም አይሰካም። ጥላ ውስጥ ይረፍ፣ ከተቻለ ንጋት 11 ሰዓት ላይ፣ ሰው ነቅቶ እያየው ይሞላ።

ሌላም አደጋ አገኘን። ቤት ውስጥ ሁለት ቻርጀሮች አሉ፤ አንዱ የአማቹ የእርሳስና አሲድ ባትሪ ነው። ሁለቱም ላይ 48 ተጽፏል፣ መሰኪያቸውም አንድ ነው። የሊቲየሙ 54.6 ቮልት ላይ ያቆማል፤ የእርሳሱ እስከ 59 ገደማ ይሄዳል። በ13 ሴል ሲካፈል ለአንዱ ከ4.5 ቮልት ይበልጣል፤ የሊቲየም ሴል ጣሪያ ግን 4.2 ነው። የባትሪው መከላከያ ሰሌዳ ያቆመው ይሆናል፤ ሕፃናት በሚተኙበት ክፍል ግን በእሱ ብቻ መተማመን አይገባም። የአንዱን መሰኪያ ቆርጠን በሌላ ዓይነት ቀየርነው። ከእንግዲህ በጨለማም ቢሆን አይሳሳቱም፤ አይገባምና።

ዓርብ፣ ግንቦት 12

ትናንት ሀቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል መጣ፤ ሰማዩ ቀላ፣ ከዚያ ጨለመ። ዛሬ አቧራ አራግፈን ኩሽኔታዎቹን አጠብን፤ የአክሱሉን ዳዶ አጠበቅን። አክሱሉ በቦታው ከዞረ ገመዱን ጠምዝዞ ይበጥሳልና የሚይዘውን የብረት ክንድ በቡሎን አሰርነው። አዲሱን ገመድ ነካሁት፤ ለስላሳ ነው፣ ቀለሙም አልተለወጠም።

ከዚያ ልጁ በእጁ ወረቀት ጻፈ፦ የትኛው ሽቦ ከየት ወዴት እንደሚሄድ፣ ፊውዙ ስንት አምፔር እንደሆነ፣ ባትሪው ሲሞላ ስንት ቮልት ላይ እንደሚቆም፣ ምን መቼ እንደተቀየረ። በፕላስቲክ ጠቅልሎ የሳጥኑ ክዳን ውስጥ ለጠፈው። ከእሱ በፊት የነካት ሰው እንዲህ ያለ ወረቀት ትቶ ቢሆን ኖሮ ሻንቱን የመጀመሪያው ቀን እንከፍተው ነበር። የሠራውን ጽፎ የማይተው ጠጋኝ ለሚቀጥለው ሰው ወጥመድ ነው የሚተወው፤ ያ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ የዕለት እንጀራውን የሚያሳድድ ድሃ ነው።

ለወጣቶቹ የነገርኳቸው አጭር ነው። ትልቅ ሞተር፣ ትልቅ ባትሪ ከመግዛታችሁ በፊት ተዋጥታችሁ አንድ ቴስተር ግዙ፤ የምትጨምሩትን ሳይሆን የሚሞቀውን ቦታ ፈልጉ። ዛሬ ማታ ባለ 60ው ልጅ ፍሬኑን ሊቀይር ይመጣል፤ የሚለካውም የሚፈታውም እሱ ራሱ ነው።