ሀይዲና ጃፓኖቹ

የሰው አገር ታሪክ መተረክ ያስፈራል፤ ባለአገሩ ይታዘባልና። ጃፓኖቹ «ሀይዲ»ን የካርቱን ፊልም ሊያደርጓት ሲነሡ ይህ ፈተና ነበረባቸው። ወላጆቿን አጥታ ተራራ ላይ ከአያቷ ጋር የምትኖረውን ይህችን ልጅ የፈጠረቻት ስዊዘርላንዳዊቷ ደራሲ ዮሐና ስፒሪ ናት።

ዳይሬክተሩ ኢሳኦ ታካሃታ ሀያዎ ሚያዛኪንና ዮይቺ ኮታቤን ይዞ እ.ኤ.አ. በ1973 ስዊዘርላንድ ድረስ ሄደ። አገሩን አይተው ተመለሱና በ1974 ባለ 52 ክፍሉ ፊልም በጃፓን ቴሌቪዥን ታየ።

እኔን የሚማርከኝ ትልልቁ ነገር አይደለም። አያትየው ፎርማጆ በእሳት ሲያቀልጥ፣ ፍየሎቹ ሲታለቡ፣ ልጅቷ ድርቆሽ አንጥፋ ስትተኛ ነው። ሠሪዎቹ ለእነዚህ ጊዜ ሰጡ፤ አልቸኮሉም። በ1977 ፊልሙ በጀርመን ቴሌቪዥን መታየት ሲጀምር ብዙ ልጆች ከጃፓን መምጣቱን እንኳ ሳያውቁ ወደዱት።

«የሰውን ታሪክ ባለቤቱ ብቻ ይንገረው» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። ስጋታቸው ይገባኛል፤ ላይ ላዩን አይቶ የሚያወራው ብዙ ነው። ቢሆንም እኔ ተራኪውን የምጠይቀው የማን ልጅ እንደሆነ ሳይሆን ምን ያህል እንዳስተዋለ ነው። ፎርማጆው እንዴት እንደሚቀልጥ ልብ ያላለ ሰው፣ የአገሩ ተወላጅም ቢሆን፣ ስለ ተራራው ባይነግረኝ እመርጣለሁ።