ምን ሸተተሽ?

ጥሩ ጠላ አይጣፍጥም። ለስላሳ የለመዱ የዛሬ ልጆች ይህን ሲሰሙ ይስቃሉ። ደብረ ማርቆስ ላደግን ሰዎች ግን ጣፋጭ ጠላ ገና ያልደረሰ ጠላ ነው። የብቅሉ ስኳር ተብላልቶ ሲያልቅ የጌሾው ምሬትና የአሻሮው ጠረን ይወጣል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ብርድ ናት፤ ጠላውም ከቆላው ይልቅ ዘግይቶ ይደርሳል። ስለዚህ ቀን መቁጠር ብቻውን አይበቃም፤ መቅመስ ያስፈልጋል።

የእናቴ አቀማመስ ሥርዓት አለው። መጀመሪያ በብርጭቆ ቀድታ ታየዋለች፤ ከደፈረሰ አተላው አልዘቀጠም፣ ገና ጉሽ ነው። ቀጥላ ታሸተዋለች። የወይራ ጢስ ከሸተተ ጋኑ በደንብ ታጥኗል። ሻጋታ ከሸተተ በግራዋ በወጉ አልታጠበም። ኮምጣጤ ከሸተተ ደግሞ አየር ገብቶበታል፤ የጋኑን አፍ በጭቃ የምንመርገው ለዚሁ ነው። በመጨረሻ አንዴ ብቻ ትጎነጫለች። ምሬቱ ምላስ ላይ አልለቅ ካለ ጌሾው በዝቷል ማለት ነው።

ባለፈው ዓመት ለአባታችን ተዝካር ሦስት ጋን ተጠመቀ። እናቴ ሰባ ዓመት አልፏታል። ጉንፋን ከያዛት ወዲህ ማሽተት እንደቀነሰባት ለማናችንም አልነገረችም ነበር። የዚያን ዕለት የአሥራ አራት ዓመት ልጄን ወደ ጓዳ ጠራቻት።

«እስኪ ልጄ፣ አሽትቺና ንገሪኝ። እንዳትጠጪ ብቻ።»

ልጄ ሁለቱን ጋን «ጢስና የተቆላ ገብስ» አለች። ሦስተኛው ላይ ፊቷን አጨማደደች። «ሰላጣ ላይ የሚጨመረውን ይሸታል።»

እህቶቼ «ልጅ ምን ታውቃለች!» ብለው ሳቁ። እናቴ ግን አልሳቀችም። ትንሽ ቀምሳ «ልክ ናት፤ ይህ ለእንግዳ አይቀርብም» አለች። ጠላው ከሰዓት በኋላ አለቀ፤ ኮምጣጣ ጠጥቶ የሄደ እንግዳ ግን አልነበረም።

ልጆች ይጠጡ ማለቴ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥ ክልክል ነው፤ በቤትም ቢሆን ልጅን መጠጥ ማስለመድ ደግ አይደለም። ማሽተት ግን መጠጣት አይደለም። ሙያው ደግሞ ግማሹ አፍንጫ ላይ ነው።

ብዙዎቻችን ለድግስ ቢራ በሳጥን ማዘዝ ይቀለናል። እናቶቻችን የሚያውቁትን የጌሾና የብቅል ልክ በጽሑፍ ያስቀመጠው ሰው ጥቂት ነው። እናንተ እናቶችና አያቶች ጠላ ስትጠምቁ ልጁንም ልጅቷንም ጥሩ። ጥንስሱ ላይ አንዴ፣ ድፍድፉ ላይ አንዴ፣ ሲደርስም አንዴ ያሽትቱ። «ይጣፍጣል?» ብላችሁ አትጠይቁ። «ምን ሸተተሽ? ምን ሸተተህ?» በሏቸው፤ የሚሉትንም አድምጡ።