የአጭሩ በሬ ቀንበር ትራስ

ዛሬ ስለ ማዳበሪያም ስለ ምርጥ ዘርም አይደለም የምጽፍላችሁ። ስለ በሬ ጫንቃ ነው። ነገሩን የተማርኩት ግን ከጠመንጃ ሰደፍ ነው ብላችሁ ታምኑኛላችሁ?

በምሠራበት ቀበሌ በመቀናጆ የሚያርሱ ሁለት ጎረቤታሞች አሉ። አንደኛው ሽማግሌ ናቸው፣ ጥቁርና ረጅም በሬ አላቸው። ሌላዋ ልጆቻቸውን ብቻቸውን የሚያሳድጉ እናት ናቸው፣ የሳቸው በሬ ቀይና አጭር ነው። የጤፉ መሬት ገና ሁለቴ እንደታረሰ ቀዩ በሬ ጫንቃው ተልጦ ቆሰለ። ጥቁሩን ምንም አልነካውም። እናትየዋ በሬያቸውን ፈትተው ወሰዱ። «የሰው በሬ ስለሆነ ነው ያልሳሱለት፣ ከእንግዲህ አልሰጥም» አሉ። ሽማግሌውም ተቀየሙ። ጤፍ 4 እና 5 ጊዜ እርሻ እንደሚፈልግ እናንተ ከኔ በላይ ታውቃላችሁ። በአንድ በሬ ደግሞ አይታረስ። የሁለቱም መሬት ጦሙን ሊያድር ሆነ።

አስታርቅ ተብዬ ሄድኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ኮሌጅ የተማርኩት ሰብል ነው። ስለ ቀንበር የተነገረኝ ተሰብስቦ አንድ ገጽ አይሞላም።

ሽማግሌው ቤት ቡና እየጠጣን ግድግዳ ላይ የተሰቀለ አሮጌ ምንሽር አየሁ። ሰደፉ ላይ፣ ጉንጭ የሚያርፍበት ቦታ፣ አጎዛ በጠፍር ታስሯል። «አባባ ይሄ ምንድነው?» አልኳቸው። አወረዱት፣ ጥይት እንደሌለው አይተው ጠፍሩን ፈቱልኝ። ከአጎዛው ስር ሦስት ስስ እንጨቶች ተደራርበዋል።

«ልጄ፣ ይሄ ሰደፍ ለኔ ፊት አልተጠረበም። ጉንጬን ሳሳርፍ ዓይኔ ከማነጣጠሪያው በታች ይውላል። ቀና ስል ደግሞ ጉንጬ ማረፊያ ያጣል። ስለዚህ ከፍ አደረግኩት። ልጄ ሲይዘው አንዷን እንጨት አወጣለታለሁ፣ የሱ ፊት ረዘም ይላል» አሉኝ። «ሰደፉን ራሱን ለምን አላስተካከሉትም?» ስላቸው ሳቁብኝ። «ጠርቤ የቀነስኩትን በምን እመልሰዋለሁ?»

ቡናውን ሳልጨርስ ነው የተነሳሁት። ሁለቱን በሬዎች ደልዳላ መሬት ላይ አቁመን ቀንበሩን ጫንባቸው። ግማሽ ውኃ ያለበት የፕላስቲክ ጠርሙስ ቀንበሩ ላይ አጋደምኩ። ውኃው በሙሉ ወደ ቀዩ በሬ ሄደ። ቀንበሩ ወደ አጭሩ ያዘነብላል፣ በየእርምጃው ወደሱ እየተንሸራተተ በጠርዙ ይፈገፍገዋል። ሽማግሌው አልጨከኑበትም ማለት ነው። እናትየዋ ጠርሙሱን ጎንበስ ብለው አዩ፣ ምንም አላሉም።

ትራሱን የሠራነው ከደረቀ ዋንዛ ነው። ዋንዛ ቀላል ነው፣ ለመጥረብም አያስቸግርም። እርጥብ ባሕር ዛፍ አትጠቀሙ፣ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ርዝመቱ በሁለቱ የማነቆ ቀዳዳዎች መካከል ያለው ሲሆን በየጫፉ ሦስት ሦስት ጣት ይጨመርበታል። ስፋቱ አንድ መዳፍ ያህል ነው። የስሩን ቅርጽ ለማግኘት ወፍራም ሽቦ ከሻኛው ፊት በበሬው አንገት ላይ አጉብጡና እንጨቱ ላይ በከሰል አስምሩት። በመስመሩ ልክ ጥረቡ፣ ጠርዙን ሁሉ አድቦልቡሉት። ጫፍና ጫፉ ላይ ልክ እንደ ቀንበሩ ቀዳዳ ብሱ። የማነቆው እንጨት ቀንበሩንም ትራሱንም አልፎ ይወርዳል፣ ስለዚህ ትራሱ ወዲያ ወዲህ አይልም። ሚስማር የሚባል ነገር አያስፈልግም፣ አንድ ቀን ብቅ ብሎ በሬውን ይወጋዋልና።

ከዚያ አንድ ጣት ውፍረት ያላቸው፣ ቀዳዳቸው የገጠመ ሁለት ሦስት ጠፍጣፋ እንጨቶች አዘጋጁ። እነዚህ በቀንበሩና በትራሱ መካከል የሚገቡ ናቸው። በጠርሙሱ ውስጥ ያለው ውኃ እኩል እስኪሆን እየጨመራችሁ ሞክሩ። ሌላ በሬ ሲጠመድ ትቀንሳላችሁ። ከሦስት በላይ ካስፈለገ ግን ትራሱን ተዉትና የሚመጣጠን በሬ ፈልጉ፣ ይሄ የኔ ምክር ነው። ከትራሱ ስር አጎዛ እሰሩ፣ ፀጉሩ ወደ በሬው። ማታ ማታ ፈትታችሁ አድርቁት፣ ላብ የጠጣ ቆዳ ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ስለሚሆን አሹት። የማዳበሪያ ከረጢት የምታስሩ አላችሁ፣ እባካችሁ ተዉት። አየር አያስገባም፣ ላቡን ይዞ ይልጠዋል።

አሁን የኔን ጥፋት ልንገራችሁ። ትራሱ ቀንበሩን ሲያነሳ ማነቆውም አብሮ ከፍ ይላል። እኔ ይሄን አላሰብኩትም። የቀዩ ቁስል ድኖ መጀመሪያ የተጠመደ ቀን፣ ሁለት ትልም ሳይሄድ ቆመ፣ ማንቁርቱን ያሰረው ጠፍር ጠብቆበት ትንፋሹ ያቃስታል። እናትየዋ ሮጠው ጠፍሩን በቢላ በጠሱት። «ባለሙያው፣ ቁስሉ ሳይገድለው አንተ ልትገድልብኝ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። በማግስቱ ትራሱ በጨመረው ልክ ረዘም ያለ ማነቆ ተጠረበ። እናንተ ከመጀመሪያው ማነቆውን አስረዝሙ። በጠፍሩና በጉሮሮው መካከል እጃችሁ እንደልብ መግባት አለበት።

በሬው አሁን ቆስሎባችሁ ከሆነ ትራስ አያድነውም፣ ማሳረፍ ነው። ቁስሉን በንጹሕ ውኃና በጨው እጠቡት፣ የተቃጠለ ዘይት አትቀቡት፣ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይየው። የቀዩ በሬ 3 ሳምንት ነው ያረፈው፣ መሬቱም እስከዚያ ቆይቷል። ዘር ዘገየ እንጂ ተዘራ። እናትየዋ ዛሬም በሬያቸውን ከመስጠታቸው በፊት ጠርሙሱን ራሳቸው ያስቀምጣሉ።

ከሠራችሁ በኋላ በሬዎቹ ተጠምደው ከፊት ለፊት ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ። ቀንበሩ ካዘነበለ ያስታውቃል፣ የጠፍሩንም ነገር አየዋለሁ።