እናትን እህት የሚያደርግ ፎርም

የማኅበራችን የአባላት መመዝገቢያ ፎርም ለተማሪው የሚያስብለት ይመስላል። ስምህንና የአባትህን ስም ጽፈህ ስትጨርስ፣ «በድንገተኛ ጊዜ የሚጠራ ሰው» ከሚለው ሥር የመጨረሻው ስም ሳጥን በራሱ ይሞላል፤ ያው የአባትህ ስም። እዚህ አሜሪካ እናትና ልጅ አንድ የቤተሰብ ስም ስለሚጋሩ ብዙ ጊዜ ያስኬዳል።

እኛ ጋ ግን ጉድ ነው። ዳዊት ተስፋዬ የሚባል ተማሪ አለ እንበል፤ እናቱ አልማዝ ከበደ፣ አባቱ ተስፋዬ ኃይሉ። ፎርሙ እናቱን «አልማዝ ተስፋዬ» ሲላቸው የዳዊት እህት ሆነው አረፉት። አባትየው ደግሞ «ተስፋዬ ተስፋዬ» ሆነው የራሳቸው ልጅ ሆኑ!

ዳታቤዙን ዘንድሮ ስረከብ የቆዩት መዝገቦች ላይ ይህ ዓምድ ባዶ ነው፤ የቅርቦቹ ላይ ግን ሙሉ ነው። ኮዱን ከፍቼ ሳየው ምክንያቱ ገባኝ። መጀመሪያ ሳጥኑ «ዲስኤብልድ» ተብሎ ተቆልፏል። እንዲህ የተቆለፈን ሳጥን ብራውዘሩ ስክሪን ላይ ያሳያል እንጂ ወደ ሰርቨሩ አይልከውም። በኋላ ባዶነቱን ያየ ሰው ወደ «ሪድኦንሊ» ቀየረው። ሪድኦንሊ ይላካል፤ ተማሪው ግን ሊያርመው አይችልም። ስለዚህ የፎርሙ ግምት እንዳለ ሠንጠረዡ ውስጥ ገባ። እኔን ብትጠይቁኝ ባዶው ይሻል ነበር፤ ቢያንስ ባዶ መሆኑ ይታያል።

ባለፈው ኅዳር አንዲት አባላችን ሌሊት ሆስፒታል ገባች። ከመዝገቡ ላይ የእናቷን ስም አይቼ አዲስ አበባ ደወልኩ። ስልኩን ያነሱት ሰውዬ «እንዲህ የምትባል ሴት እዚህ የለችም» ብለው ጆሮዬ ላይ ዘጉት። መልሼ ደውዬ የልጅቷን ስም ስጠራ ነው «እንዴ! ምን ሆነችብን?» ያሉት። (ደህና ናት፤ ትምህርቷንም ቀጥላለች።)

አንድ ጓደኛዬ «ከተማሪው የአባት ስም ጋር የሚመሳሰለውን ሁሉ በአንድ ትእዛዝ አጥፋው» አለኝ። አይሆንም። ወንድሙን ወይም እህቱን ያስመዘገበ ተማሪ አለ፤ የእነሱ የአባት ስም በእውነትም አንድ ነው። እዚህ መጥታ የባሏን ስም የያዘችም አለች። ሠንጠረዡ ውስጥ ከገባ በኋላ ፎርሙ የሞላውና ሰው የጻፈው ቁርጥ አንድ ናቸው።

አሁን ሳጥኑ ባዶና ክፍት ነው። ፎርሙ ስም ቢጠቁም እንኳ ተማሪው ካልተቀበለው አይገባም። አጠገቡ ሌላ ዓምድ ጨምሬያለሁ፤ ስሙን የጻፈው ተማሪው ይሁን ፎርሙ እዚያ ይመዘገባል። የድሮዎቹን ግን በየተራ እየደወልኩ ከመጠየቅ ሌላ መላ አላገኘሁም። ከማላውቀው ቁጥር ደውሎ «የእናትሽ አባት ማን ይባላሉ?» የሚል ሰው ቢያጋጥማችሁ እኔ ነኝ፤ እባካችሁ አትዝጉብኝ።