ወደ ኋላ ለምትሄድ መኪና ስለ ተሠራው ጆሮ

መኪናን ወደ ፊት ከመንዳት ይልቅ ወደ ኋላ መመለስ ይከብዳል። ነጂው አንገቱን ቢያዞር የመኪናይቱ አካል ይጋርደዋል፤ በስፖኪዮ ቢመለከትም ከኋላዋ ዝቅ ብሎ ያለው ነገር አይታየውም። ስለዚህ በአዲስ አበባ የሚኒባሱ ረዳት ወርዶ ከኋላ ይቆምና «ና! ና! ና!» ይላል፤ የሚበቃው ቦታ ሲደርስም የመኪናይቱን ገላ በመዳፉ መትቶ «በቃ!» ይላል።

በቡልጋሪያ ሰፈር የሚኖሩ አንድ ጡረተኛ ሽማግሌ ግን እንዲህ ያለ ጠሪ የላቸውም። ግቢያቸው ጠባብ ነው፤ አንገታቸውም ከዕድሜ የተነሣ አልዞር ብሏል። ከዚህም ሁሉ የሚያስፈራው፥ የአራት ዓመቱ የልጅ ልጃቸው የአሮጌይቱን ቪትዝ ድምፅ በሰማ ቊጥር አያቱን ሊሸኝ እየሮጠ መውጣቱ ነው። ስለዚህ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ አስጠርተው የኋላ ሴንሰር እንዲገጥምላቸው አዘዙ።

ሠራተኛው በኋላው ባምፐር ላይ፥ ከመሬት ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ አድርጎ፥ አራት ነጥብ ምልክት አደረገ። ከመብሳቱ በፊት ሁለት ጊዜ ለካ፤ የተበሳ ፕላስቲክ ተመልሶ አይገጥምምና። ከዚያም ሳንቲም የሚያህል ቀዳዳ እየከፈተ አራቱን ዐይኖች አስገባ፤ የእያንዳንዱም የላይ ምልክት በእውነት ወደ ላይ መሆኑን መረመረ፤ ቢገለበጥ መሬቱን እያየ በከንቱ ይጮኻልና። ሽቦዎቹንም በዕቃ መጫኛው ውስጥ ካስቀመጣት ትንሽ ሣጥን ጋር አገናኛቸው። ሣጥኒቱ ኀይሏን የምታገኘው ከኋላ ማርሽ መብራት ነው፤ ማርሹ ወደ ኋላ ሲገባ ነጩ መብራት ይበራል፥ ሴንሰሩም አብሮ ይነቃል።

ዐይን ይባል እንጂ ነገሩስ ጆሮ ነው። በሴኮንድ 40,000 ጊዜ ገደማ የሚርገበገብ ድምፅ ይልካል፤ የሰው ጆሮ ከ20,000 በላይ ያለውን አይሰማም። ድምፁ ዕንቅፋት ባገኘ ጊዜ ይመለሳል፤ ሣጥኒቱም የሄደበትንና የተመለሰበትን ጊዜ ቈጥራ ርቀቱን ታውቃለች። ድምፅ በሴኮንድ 343 ሜትር ያህል ይሄዳልና፥ አንድ ሜትር ርቆ የቆመ ግንብ መልሱን የሚሰጠው ሴኮንድ ለሺህ ተከፍላ በስድስተኛይቱ እጅ ነው። የሌሊት ወፍም በጨለማ የምትበረው እንዲሁ ነው፤ ስፓላንዛኒ የተባለ ኢጣልያዊ ካህን ያለ ዐይን እንደምትመራ በፈረንጅ ቊጥር ከ1793 ዓ.ም. ጀምሮ መርምሯል። ቶዮታ ደግሞ በፈረንጅ ቊጥር በ1982 ዓ.ም. ኮሮና በምትባለው መኪናው ላይ እንዲህ ያለውን መሣሪያ ገጠመ።

ሥራው ሲያልቅ ሕፃኑ «እኔ ልቁምለት» ብሎ ተነሣ። ሽማግሌው ግን ከለከሉትና ቢጫ ጀሪካን አስመጡ። ጀሪካኑ ቆሞ ሳለ ሴንሰሩ ከሩቅ «ጢጥ፥ ጢጥ» አለ፤ ሲቀርቡ ፈጠነ፤ ሊደርሱበት ሲሉ ድምፁ ሳይቋረጥ አንድ ሆነ። ደስም አላቸው። ቀጥሎ ጀሪካኑን አጋድመው ከባምፐሩ ሥር አስጠጉት፤ ሴንሰሩም ዝም አለ። ቀጭን ብረት ቢያቆሙለት አንድ ጊዜ ጮኸ፥ ሌላ ጊዜ አለፈው። ስለ ቦይ ሲጠየቅም ሠራተኛው ሳይደብቅ፥ «አባቴ፥ ጉድጓድ ድምፅ አይመልስም፤ ጋቢም ቢሆን ድምፁን ይውጠዋል» አላቸው። ሸጦ መሄድ ሲችል ይህን መናገሩ ያስመሰግነዋል።

መሣሪያው እንግዲህ ሰሙን ብቻ የሚሰጥ ባለ ቅኔ ይመስላል፤ አንድ ነገር ቀርቧል ይላል እንጂ ያ ነገር ግንብ ይሁን ሕፃን አይፈታም። ዝም ሲልም መንገዱ ባዶ ነው ማለት አይደለም። ይሁን እንጂ ለማይዞር አንገት ብዙ ረድኤት ነው። ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሎ የኤሌክትሪክ መኪኖች በዝተዋል፤ ድምፃቸውም ያነሰ ነውና ከኋላቸው የቆመ ሰው መምጣታቸውን ሳይሰማ ይቀራል።

ሽማግሌው ለሠራተኛው ዋጋውን ከፈሉ፤ ለልጅ ልጃቸውም ከመኪናይቱ ፊት ለፊት፥ በቤቱ ደረጃ ላይ፥ አንዲት በርጩማ አኖሩለት። በማግስቱ ጧት ማርሹን ከማስገባታቸው በፊት፥ «ተቀምጠሃል?» ብለው ተጣሩ። ሕፃኑም ሁለት እጁን አንሥቶ አሳያቸው፤ ሴንሰሩም ከኋላ «ጢጥ» ማለት ጀመረ።