ካሜራ ይዤ ጎንደር ጥምቀት

ጥምቀት በገጠር ሲከበር አይታችኋል። ታቦቱ ከደብሩ ወጥቶ ወደ ወንዝ ይወርዳል፤ አገሬው ይከተላል። በትልቅ ከተማ ሲከበርስ ምን ይመስላል? ጎንደር ያየሁትን ላጫውታችሁ።

እኔ ሥራዬ ሥዕል መሣል ነው። ወደ በዓል ስሄድ ግን ቀለሙን ቤት ትቼ ካሜራ እይዛለሁ። ለምን ቢባል፣ እስክስታ የሚመታ ትከሻ ቆሞ አይጠብቅም። እጄ አንድ መስመር ሳይሥል ጨፋሪው ሌላ ቦታ ደርሷል። ካሜራ ግን ወዲያው ይይዘዋል። ቤቴ ስገባ ፎቶውን እያየሁ እሥላለሁ።

መጀመሪያ ጎንደር የሄድኩት በ1998 ዓ.ም. ነው። ጥር 10 ቀን፣ የከተራ ዕለት፣ መንገድ ዳር ቆምኩ። ከማየቴ በፊት ከበሮውን ሰማሁ። ቀጥሎ ዣንጥላዎቹ ብቅ አሉ። ታቦታቱ በግምጃ ተሸፍነው በካህናት ራስ ላይ ያልፋሉ። ሴቶች እልል ይላሉ። የየሰፈሩ ወጣት በየራሱ ጭፈራ ይከተላል። ከገጠር የመጡት ጎበዞች ዱላቸውን ከፍ አድርገው «ሆ!» ሲሉ መንገዱ ይንቀጠቀጣል። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» እንደሚባለው፣ ሁሉም ያለውን ለብሷል።

ገበያውም ደርቷል። ሸንኮራ አለ፣ ቆሎ አለ፣ ሎሚ አለ። ሎሚው ለመምጠጥ ብቻ አይደለም። በዱሮው ልማድ ጎረምሳ የወደዳትን ልጃገረድ በሎሚ ይመታታል። አንዱ ሲወረውር አየሁና ካሜራዬን ደገንኩ። ሎሚው አመለጠኝ። የልጅቷ ሳቅ ግን ተያዘልኝ።

ታቦታቱ የሚያድሩት በፋሲል መዋኛ ነው። አፄ ፋሲል ከ1624 እስከ 1660 ዓ.ም. የነገሡ፣ ጎንደርን ዋና ከተማ ያደረጉ ንጉሥ ናቸው። መዋኛው ሰፊ የድንጋይ ገንዳ ነው። በመካከሉ ባለፎቅ ሕንጻ ቆሟል። ውሃው ከቀሃ ወንዝ በቦይ ይመጣል። የዛፍ ሥሮች የአጥሩን ድንጋይ እንደ እጅ ጨብጠው ይዘውታል። ይህ ስፍራ ከሌሎቹ የጎንደር ሕንጻዎች ጋር በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የጥምቀት በዓል ራሱም በ2012 ዓ.ም. ተመዝግቧል።

ጥር 11 ቀን ጠዋት ውሃው ተባረከ። ካህናቱ መርጨት ሲጀምሩ ወጣቶቹ ዘለው ገቡ። እኔ ካሜራዬን ከጋቢዬ ሥር ደበቅኩ።

አጥሩ አጠገብ አንዲት አሮጊት ተቀምጠዋል። የጠበል ጠርሙስ ይዘዋል። ፊታቸው ደስ አለኝ።

«እማማ፣ ፎቶ ላንሣዎት?» አልኩ።

«ካነሣኸኝ ታመጣልኛለህ ልጄ?»

«ለከርሞ እዚሁ ይዤልዎት እመጣለሁ።»

«እንግዲያው አንሣኝ። እስከ ዛሬ አንድም ፎቶ የለኝም። ስሞት ልጆቼ ምኔን ያያሉ?»

አነሣኋቸው። ስማቸውንና አገራቸውን ነገሩኝ። አልረሳውም ብዬ ሳልጽፈው ቀረሁ።

በ1999 ዓ.ም. ፎቶውን ይዤ ተመለስኩ። ስሙ ጠፋኝ። አገራቸውም ጠፋኝ። ከአጥሩ ሥር ጠበቅኩ፤ አልመጡም። ሦስት ቀን ፎቶውን ለሰው እያሳየሁ «ታውቋቸዋላችሁ?» አልኩ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ነጠላ የለበሱ እናቶች በዚያ ሜዳ ስንት ናቸው!

ያን ቀን አፈርኩ። መጻፍ አውቃለሁ። እስክሪብቶም ከኪሴ ነበረ። የሁለት መስመር ጽሑፍ ሰንፌ ለእኒያ እናት የገባሁትን ቃል አጠፋሁ።

ከዚያ ወዲህ ከካሜራዬ ጋር ደብተር እይዛለሁ። ሰው ሳነሣ ስሙን፣ ቀበሌውንና ቀኑን እጽፋለሁ። ብዙ ፎቶ ለባለቤቱ ደርሷል።

እናንተም ቤት ፎቶ ካለ አውርዱና ጀርባውን እዩት። ባዶ ከሆነ የሰውየውን ስም፣ ቦታውንና ዓመተ ምሕረቱን ጻፉበት። በእርሳስ ቀስ ብላችሁ ጻፉ። እስክሪብቶ ከተጫኑት በፊት በኩል ጎልቶ ይወጣል፤ ቀለሙም ይለቃል። ዛሬ የምታውቁትን ፊት የልጅ ልጆቻችሁ ላያውቁት ይችላሉ።

የእኒያ እናት ፎቶ አሁንም እኔ ዘንድ ነው። ጀርባው ላይ «ጎንደር፣ ፋሲል መዋኛ፣ ጥር 11 ቀን 1998 ዓ.ም.» ይላል። የስማቸው ቦታ ባዶ ነው።

ጥያቄ
1. ሠዓሊው አሮጊቷን ለምን ሊያገኛቸው አልቻለም?
2. በፎቶ ጀርባ ምን ምን መጻፍ አለበት?
3. በአገራችሁ ጥምቀት እንዴት ይከበራል? በአምስት መስመር ጻፉ።