ኔት ሲጠፋ የማይጠፋው ሞጁል

ኖድ ጄኤስ ሥራ ላይ እያለ ሞጁል ፍለጋ ኢንተርኔት ላይ አይወጣም። ብዙ ጀማሪ ይህን ስለማያውቅ "ሞጁሉ አልተገኘም" የሚል መልእክት ባየ ቁጥር ዋይፋዩን ይረግማል።

ፍለጋው እንዲህ ነው። ፕሮግራሙ በ"ሪኳየር" አንድ ሞጁል በስሙ ሲጠራ፣ ኖድ መጀመሪያ ከራሱ ጋር የመጣ መሆኑን ያያል። ካልሆነ፣ ፋይሉ ባለበት ቦታ "ኖድ ሞጁልስ" የሚባለውን ፎልደር ይፈትሻል። እዚያ ከሌለ አንድ ፎልደር ወደ ላይ፣ ከዚያም ሌላ፣ እስከ ዲስኩ ሥር ድረስ ይወጣል። በበጋ ከአፋር ቆላ ከብቱን ነድቶ ጨፋ ሸለቆ የሚደርስ አርብቶ አደር አካሄዱን ያውቀዋል፤ የቅርቡ ሣር ሳይታይ ሩቅ አይኬድም። አንዴ የተገኘ ሞጁል ሜሞሪ ላይ ስለሚቆይ ሁለተኛ ሲጠራ ፍለጋው አይደገምም።

ኢንተርኔት የሚያስፈልገው ቀድሞ፣ በኤንፒኤም ሲጫን ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2016 "ሌፍት-ፓድ" የተባለች 11 መስመር ኮድ ባለቤቷ ከኤንፒኤም ሲያነሳት በዓለም ዙሪያ ብዙ ፕሮጀክቶች መጫን አቃታቸው። ቀድሞ የተጫኑት ግን ሥራቸውን ቀጠሉ።

ይህ ልዩነት ለእኛ አገር ትልቅ ነው። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ገደማ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆየ። ከሚሴ ላይ በስልክ ዳታ ኮድ ለሚማር ወጣት፣ ላፕቶፑ ውስጥ ያለው ኖድ ሞጁልስ ያለው ሀብት ሁሉ ነበር ማለት ነው።

"ፕሮጀክት ለሰው ስትሰጥ ኖድ ሞጁልስን ሰርዝ፣ ተቀባዩ ራሱ ያውርደው" የሚለው ምክር የመጣው ኔት ከማይጠፋበት አገር ነው። እዚህ እንደ ሃይማኖት ሲያዝ ጉዳት አለው። ኖድ ሞጁልስ የሌለው ፕሮጀክት የዕቃ ዝርዝር ነው፤ ዕቃው የለም።

ስለዚህ ሲሰጥ ተጨምቆ፣ በዚፕ ይሰጥ። በሺህ የሚቆጠሩ ትንንሽ ፋይሎች አንድ በአንድ ሲገለበጡ ያመሻል። አንዳንዱ ሞጁል ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ተብሎ የተሠራ ስለሆነ ከዊንዶውስ ወደ ሊኑክስ ቢወሰድ አይሠራም፤ ይህም ይታሰብበት።

ከዚህ የተሻለውን ማድረግ የሚችሉት ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው። "ቨርዳቺዮ" የሚባል ነጻ ሶፍትዌር አንዴ የወረደ ሞጁልን ግቢ ውስጥ ባለ ሰርቨር ላይ ያስቀራል፤ የሚቀጥለው ተማሪ ከዚያው ይወስዳል። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ላይ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለው። ለዚህ የሚበቃ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር አይጠፋም። ከዚያ በኋላ፣ መንገዱ ክፍት በሆነ ቀን ፍላሹ በሚኒባስ ከሚሴ ይደርሳል።